በቀይ የተሰመረው ገጽ

ወረቀቱ እንደሚለው ጡረታ የወጣሁት በስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። እውነቱ ግን ያኔ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ወደዚህ አገር፣ ወደ ኖርዌይ፣ የገባሁ ሰሞን የተወለድሽው መቼ ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ አባቴ በዳዊቱ የመጨረሻ ቅጠል ላይ የጻፈውን ዓመት ነገርኳቸው። አባቴ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እነሱ ያነበቡት በራሳቸው ነው። ማንም አልዋሸም። አንድ መስመር ተጻፈ፣ በዚያች መስመር ስምንት ዓመት አረጀሁ፣ አለቀ። ለብዙ ጊዜ ግድም አልሰጠኝ። ኋላ ግን ማዮርስቱን በሚባል የኦስሎ ሰፈር፣ ስንት ዘመን ሳጸዳው የኖርኩት ቢሮ ውስጥ አንድ ቀን ኬክ ቆርሰው፣ አበባ አስታቅፈው፣ "አሁን ዕረፊ" ብለው ሸኙኝ። እኔ ደግሞ ውሃ የሞላ ባልዲ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ሦስት ፎቅ የምወጣ ሴት ነበርኩ። ይስተካከልልኝ ብዬ አመለከትኩ። ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ዳዊቱ ከአባቴ ቤት ጋር ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

ይህን ያስቀደምኩት ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። የተጻፈ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ አስቀድሞ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሥራ ከሌለኝ ወዲህ ቀኑ አልገፋ አለኝ። ልጄ ከነልጇ ሊንደበርግ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው፤ እሷ ሥራ ውላ፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ውላ፣ የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። እኔ የምኖርበት ሰፈር፣ ሮመን፣ ከሕንፃችን ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። ከታች ሜዳ አለ። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ሱሪ የለበሱ ሰዎች ይመጡበታል፤ አብዛኞቹ ፓኪስታኖች ናቸው፤ ታክሲ ነጂ፣ ባለሱቅ፣ የፖስታ ሠራተኛ። ክሪኬት የሚባል ጨዋታ ነው የሚጫወቱት። ከሜዳው ዳር አንድ ሽማግሌ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው ትልቅ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። በእኛው መግቢያ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጡኛል እንጂ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ በአጠገባቸው ሳልፍ አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ ደርሶ አየሁ። አንዱን መስመር በሌላው ላይ ደርበው እየጻፉ ነው።

"ጋሼ፣" አልኳቸው፣ "መስመሩን ስተውታል።"

ቀና አሉ። ዐይናቸው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ትከሻዬ ነበር የሚያየው። "አንቺ ታያለሽ?"

"አያለሁ።"

"መጻፍስ?"

"አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ።"

"ብዙ ነው። እኔ የማውቃቸው ሚኒስትሮች ያን ያህል አልተማሩም። ቁጭ በይ፣ እህቴ።"

እንዲህ ሆነና ቁጭ አልኩ፤ ሁለት በጋ ሙሉም አልተነሣሁም። የሁለታችንም ኖርዌይኛ እግሩ እንደ ጎደለ ወንበር ነበር፤ ሁለታችንም ከያዝነው ግን ይቆማል። በኖርዌይኛ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው የሚባለው። እኔ ይህ ስላልሆነልኝ ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ፊት ጋሼ አስገባለሁ። ተጫዋቾቹ ሰምተው የሹመት ስም መሰላቸው፤ እነሱም ጋሼ ይሏቸው ጀመር። እኔን ደግሞ አንቲ ይሉኛል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

ጨዋታው ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ሦስት እንጨት ይተከላል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ዱላ ይዞ እንጨቱን ይጠብቃል፤ መትቶ ወዲያና ወዲህ በሮጠ ቁጥር ለቡድኑ ይቆጠርለታል። ኳሱ እንጨቱን ከጣለው፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘበት፣ ይወጣል። ያ ዊኬት ይባላል፤ ለወርዋሪውም ይጻፍለታል። አሥር ሰው ሲወጣ ቡድኑ መምታቱን ያቆማል። አንዱ ወርዋሪ ስድስት ኳስ ወርውሮ ሲጨርስ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሌላው ስድስት ይወረውራል፤ እንዲህ ይፈራረቃሉ፤ ስድስቱ ኳስ አንድ ተራ ይባላል። የሚሮጠው ሰው ሳይደርስ ከሜዳው አንድ ሰው ኳሱን አንሥቶ እንጨቱን ከጣለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ራን አውት ይሉታል። ሰውየው ይወጣል፤ ዊኬቱ ግን ለወርዋሪው አይጻፍም።

የኔ ሥራ ይህን ሁሉ በየሳጥኑ ማስፈር ነው። አንድም ሩጫ ላልተገኘበት ኳስ ነጥብ ይደረጋል። ስድስቱም ነጥብ ከሆኑ ነጥቦቹ በመስመር ይያያዛሉ፤ ያ ለወርዋሪው ክብር ነው። እየጻፍኩ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ እሳቸው እንዲሰሙ። "ነጥብ። ነጥብ። አንድ። ነጥብ።" እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራሉ።

ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ላይ ሊሸውዱኝ ሞክረው ነበር። አንድ ሆዱ የገፋ ባለሱቅ አለ፤ እየጮኸ መጣ።

"አንቲ፣ ሦስት ነው የሮጥኩት! ሁለት ጻፍሽ!"

"ሁለት ነው የሮጥከው። ሦስተኛውን የሮጠው ሆድህ ነው።"

ጋሼ ያን ቀን እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሠላሳ ዓመት ስፈልግ የነበረውን መዝጋቢ አገኘሁ" አሉ።

በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ዳርና ዳሩ ብቻ በቀይ ቀለም ተሰምሯል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የአሥሩ ገጽ ነው" አሉኝ። "አሥሩንም ዊኬት ብቻውን ለሚጥል ሰው። መዝገብ አልቆ አዲስ በገዛሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ይህን ማስመር ነው። ስድስት መዝገብ ጨርሻለሁ።"

"አንድም ሰው አልሞላውም?"

"ስድስት፣ ሰባት የደረሱ አሉ። ልጄ አንድ ጊዜ ስምንት ደርሷል።"

ልጃቸው አርባ ዓመት የሞላው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እየሮጠ አይወረውርም፤ ኳሱን በጣቶቹ አጠማዝዞ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ኳሱ መሬት ሲነካ እንደ ተቆጣ ሰው ወደ ጎን ይታጠፋል። ጋሼ ስለ እሱ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ያ ገጽ ለማን እንደ ተሰመረ ሜዳው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ቡድኖቹ ቦታ ሲለዋወጡ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ ሌሎች አገሮች ውስጥ ስለ ተሠሩ ሪከርዶች ያወሩልኛል። እንግሊዝ አገር፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ በሚመታበት ረጅም ጨዋታ፣ ከሃያ ዊኬት ዐሥራ ዘጠኙን ብቻውን ስለወሰደው ሰው። እኔ መዝጋቢ ከመሆኔ በፊት በነበረው ዓመት በዓለም ዋንጫ በአራት ተከታታይ ኳስ አራት ሰው ስላስወጣው የስሪላንካ ልጅ።

"ታዲያ አሸነፉ?" አልኳቸው።

"ተሸነፉ።"

"አራት በአራት ጥሎ?"

"አንድ ዊኬት ብቻ ቀርቷቸው ተሸነፉ። ጨዋታው እንዲህ ነው፣ እህቴ። አይራራም።"

እኔ የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። አንድ ሕንዳዊ ወርዋሪ ነበር፤ በአንድ ጨዋታ ሃያ አንድ ተራ በተከታታይ አንዲት ሩጫ ሳይሰጥ ወረወረ። ሃያ አንድ ጊዜ ስድስት። ነጥብ በነጥብ ላይ። ይህን ስሰማ ልቤ ሞላ። "እሱ ነው ሰው!" አልኳቸው። "ስንት ዊኬት ወሰደ?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"አልሰጠም፤ አልተሰጠውምም። እኔ እሱን ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።"

እኔን አላሳዘነኝም። ለማንም ያልሰጠ፣ ከማንም ያልወሰደ፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የት አለ አልኩ። የልጅ ልጄ አላመነችም ነበር። እሑድ ሊንደበርግ ስሄድ ኮምፒውተሯን ከፍታ ፈለገች፤ "አይ፣ እማማ! እውነቱን ነው!" አለችኝ ዐይኗን አፍጥጣ። እሳቸው የነገሩኝን ሁሉ እንድትፈልግ አደረግኳት። አንድም ኳስ አልጨመሩም፤ አንድም አልቀነሱም። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን እንደ መጽሐፍ አመንኳቸው።

የጡረታዬን ነገርም አጫወትኳቸው። ብዙ አላሉም። በማግስቱ ግን ልጃቸው በሬን አንኳኳና፣ ከአውቶቡሱ ሥራ በኋላ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጦ በጥሩ ኖርዌይኛ ረጅም ደብዳቤ ጻፈልኝ። የእኛ ዓመት ከእነሱ ዓመት በስንት እንደሚለይ እኔ እየነገርኩት እሱ በወረቀት ላይ አወጣው። ስለዚህ የዚያ ሰው ውለታ ነበረብኝ። ይህንም አልደብቅም።

በሁለተኛው በጋ የጋሼ ዐይን ጨርሶ ጨለመ። የስኳር በሽታ ነው፤ ከዐይናቸው ወደ ኩላሊታቸው ሄደ። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው ደማቸውን በማሽን ያሳጥባሉ። ቅዳሜ ግን አይቀሩም። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ያመጣቸዋል፣ ወንበሩ ላይ ያስቀምጣቸዋል፣ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ይሸፍናል። ሐኪሞቹ ለልጁ የነገሩትን ልጁ ለእኔ ነገረኝ። የሚቀጥለውን በጋ አያዩትም።

የመጨረሻው ጨዋታ በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣ ቡድን ነው። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፣ ሣሩ እርጥብ ነው። እርጥብ ሣር ለልጃቸው ኳስ አይስማማም ብለው ጠዋት ሲያዝኑ ነበር። ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ቀን ኳሱ እጁን ሰማው። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። "ዊኬት" እላለሁ፣ ጋሼ ጉልበታቸው ላይ አንድ ጣት ያጥፋሉ። አራት። አምስት። ስድስተኛው ሲወጣ ሻይ ያቀርቡ የነበሩት ሰዎች ማንቆርቆሪያውን ትተው ወደ ሜዳው ዳር መጡ። ሰባተኛው ሲወጣ ጋሼ፣ "ሁሉም የእሱ ናቸው? አንዱም የሌላ አይደለም?" አሉኝ።

"ሁሉም የእሱ ናቸው።"

"አንብቢልኝ።"

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ስምንት። ዘጠኝ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። አንድ ወርዋሪ ከስምንት ተራ በላይ መወርወር አይችልም፤ ለልጃቸው የቀረችው አንዲት ተራ ናት። ከዚያ በፊት ግን ከወዲያኛው ጫፍ ያ ባለሱቅ ስድስቱን መወርወር አለበት።

ባለሱቁ ኳሱን ከእንጨቱ አርቆ ወረወረ። ሁለተኛውንም አራቀ። ሦስተኛውን ሲያርቅ ገባኝ።

"ጋሼ፣ ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው የሚስተው።"

"አዎ" አሉ፣ ፈገግ ብለው። "ጎበዝ ልጅ።"

"ጎበዝ? ይህ ማጭበርበር አይደለም?"

"ለማን ጎደለ? እሱ ለራሱ የሚጻፍለትን ለጓደኛው ተወ። ዴልሂ ውስጥ አንድ ሕንዳዊ አሥሩን ሲጥል ከወዲያኛው ጫፍ የነበረው ጓደኛው እንዲህ ነው ያደረገው፤ አርቆ አርቆ ወረወረ። የወጡት አሥሩ ሰዎች የእኛ ነበሩ፣ የፓኪስታን። ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ሚስቴ አበድክ ወይ አለችኝ።"

"እኔ አልወደድኩትም" አልኩ።

"አንቺ ነጥቡን ጻፊ።"

ጻፍኩ። ስድስት ነጥብ። አያያዝኳቸው።

ከዚያ ልጃቸው ኳሱን ያዘ። ጋሼ እጃቸውን ሰደው አንጓዬን ያዙኝ፤ በሌላው እጄ ነው የምጽፈው። ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ነበሩ። መዝገቡ ከጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ከታችኞቹ ቅጠሎች መካከል የቀዩ መስመር ጫፍ ይታየኛል።

"ነጥብ" አልኩ። "ነጥብ።"

በሦስተኛው ኳስ መቺው በዱላው ጫፍ ነካት። ኳሷ ወደ ባለሱቁ ተንከባለለች። መቺው ደንግጦ ሮጠ። ባለሱቁ ጎንበስ አለ፣ አነሣት፣ ወረወረ። ሦስቱ እንጨቶች ተበተኑ።

የእንጨቱ ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ። ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ፣ በአንድ ጊዜም ዝም አሉ። ባለሱቁ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ስድስት ኳስ ሙሉ ሆን ብሎ ያራቀ ሰው፣ በሰባተኛ ውርወራው እጁ ሳያስፈቅደው ሄደ።

"ወደቀ!" አሉ ጋሼ። አንጓዬን ጨመቁት። "ሰማሁት! እንጨቱ ነው! የእሱ ነው? በይ ንገሪኝ፣ የእሱ ነው?"

ቀና ብዬ ሜዳውን አየሁ። ልጃቸው መሀል ላይ ቆሟል። ወደ እኔ እያየ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣና አሥሩንም ጣቶቹን ዘረጋ። አልተናገረም። ከዚያ ባለሱቁ እንደዚሁ አደረገ። ከዚያ የቀሩት። ከዚያ እንግዶቹ፣ የተሸነፉት፣ ዱላ የያዘው ሰው ሳይቀር ዱላውን ጥሎ። ሜዳው በሙሉ አሥር ጣት ዘርግቶ ዝም ብሎ ያየኛል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እጄን ይዟል።

ብዙ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። አላሰብኩም። በአፌ የነበረውን ተናገርኩ።

"ራን አውት" አልኩ። "ዘጠኝ ነው፣ ጋሼ።"

እጃቸው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ለቀቀኝ።

"ትክክል" አሉ። "ጻፊው።"

ጻፍኩ። ሜዳው ላይ ጣቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

ልጃቸው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠረጴዛውን ሊያጥፍ መጣ። አባቱ መኪናው ውስጥ ናቸው። ፊቱን ሳያነሣ ነው ያናገረኝ።

"አንድ ቃል ነበር፣ አንቲ።"

"ያላየሁትን አልጽፍም።"

"ማን ጻፊ አለሽ? መዝገቡን ማንበብ አይችልም! ዘጠኝ ጽፈሽ አሥር ማለት ትችይ ነበር።"

እውነቱን ለመናገር ይህ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። ለእኔ የተጻፈውና የተነገረው አንድ ነው። በመስመር ላይ የተቀመጠች ስሕተት ስምንት ዓመቴን ስለበላችብኝ፣ መዝገቡን ስጠብቅ አፌንም አብሬ ቆለፍኩት። መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ አፌ ሊራራ ይችል ነበር። ግን ይህን ማሰብ አልቻልኩም፤ እልህ እንጂ ብልሃት አልነበረኝም።

"ደብዳቤሽን ስጽፍልሽ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"እውነት ስለሆነ ነው የጻፍክልኝ" አልኩት።

"አዎ" አለ። "እውነት ስለሆነ ነው።" ጠረጴዛውን በብብቱ ይዞ ሄደ። ሲሄድ ከኋላው አየሁት፤ ዘጠኝ ዊኬት የወሰደበት ቀን እኮ ነው፣ ማንም እንኳን ደስ ያለህ አላለውም። እኔም አላልኩትም።

ጋሼ በመስከረም ሆስፒታል ገቡ፤ አልወጡም። ሳምንት ሙሉ መሄድ ፈራሁ። በመጨረሻ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። አልጋቸው መስኮቱ አጠገብ ነው። አንዲት ወጣት ኖርዌያዊት ነርስ ክንዳቸው ላይ ያለውን ፋሻ ትለውጣለች። ጓደኛቸው ነኝ፣ የክሪኬት መዝጋቢ ነኝ አልኳት።

"ኦ፣ አንቺ ነሽ!" አለች። "ስለ ልጃቸው ሁላችንም ሰምተናል። አሥሩንም ብቻውን! እኔ ምን እንደሆነ አይገባኝም፣ ግን ትልቅ ነገር ነው አይደል? አንቺ እዚያ ነበርሽ?"

ጋሼን አየኋቸው። ፊታቸው ወደ ጣሪያው ነው። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። የዓለምን ሪከርድ ሁሉ ሲነግሩኝ አንድ ኳስ ያልጨመሩ ሰው፣ ለዚያች ልጅ አንድ ዊኬት ጨምረው ነግረዋታል። እየጠበቁኝ መሆናቸውን ዐወቅሁ።

"ነበርኩ" አልኳት። "አሥር ነው። በእጄ ነው የጻፍኩት።"

ነርሷ ደስ ብሏት ወጣች። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ያን ያህል ትልቅ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። ከሸክም የተገላገልኩ መሰለኝ። ይህን ከነሐሴ ጀምሮ ልሰጣቸው ይገባ ነበር፤ ይኸው ሰጠኋቸው፤ ዕዳዬ አበቃ አልኩ በልቤ።

ጋሼ በአፍንጫቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

"እህቴ" አሉኝ፣ "ሐኪሞቹ ለአንቺም ነገሩሽ?"

"ምኑን?"

"ሁሉም ሰው በጎ በጎውን ያወራኛል። ልጄ ያወራኛል፣ ነርሷ ታወራኛለች። እኔም ለነሱ አወራለሁ። የማይዋሸኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺ ዘጠኝ ስትይኝ ሕይወቴ ገና እንደ ቀጠለ ዐወቅሁ፤ ለሚሞት ሰው ዘጠኝ አይባልም።" ትንሽ ዐረፉ። "አንቺም አሥር ካልሽ፣ እንግዲህ ጊዜዬ ደርሷል ማለት ነው።"

ዘጠኝ ነው ብዬ ልመልሰው አልኩ፤ አልወጣልኝም። እጃቸውን ያዝኩ። ያቺን አንጓዬን ይዛ የነበረችውን እጅ። እሳቸው በአውራ ጣታቸው እጄን መታ መታ አደረጉ፣ ኳስ እንደሚቆጥሩት። ብርቱካኑን ልልጥልዎ ወይ አልኳቸው፤ እንቢ አሉኝ፤ ቢሆንም ላጥኩት። ሽታው ይበቃኛል አሉ።

በዚያው ሳምንት ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። ባለሱቁ አየኝና መጣ፤ ያን ትልቅ ሰውነቱን ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። "እጄ ነው፣ አንቲ" ይላል፣ ቀኝ እጁን እያሳየኝ። "እኔ አልወረወርኩም፣ እጄ ነው የወረወረው።"

"እጅህ ሥራውን ነው የሠራው" አልኩት። "ተወው።" እሱን አጽናናሁት። እኔን ግን ይህ ቃል አላጽናናኝም፤ አፌም ሥራውን ነው የሠራው ብል፣ የትኛውን ቀን ማለቴ ነው? በሜዳው እውነት ተናግሬ አሳዘንኳቸው። በሆስፒታሉ ዋሽቼ መሞታቸውን ነገርኳቸው። ሁለቱንም በቅንነት ነው ያደረግሁት። ሁለቱንም ደግሜ ደግሜ አገላብጬ አየኋቸው፣ የት ላይ እንደሳትኩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ልጽፈው አልቻልኩም።

በክረምቱ የደብዳቤዬ መልስ መጣ። ሊስተካከል አይችልም ይላል። ስምንቱ ዓመት አሁንም በላዬ አለ።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ሲወጣ የጋሼ ልጅ በሬን አንኳኳ። በብብቱ ታጣፊውን ጠረጴዛ፣ በእጁ መዝገቡን ይዟል። ብዙ አልተነጋገርንም። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ መዝጋቢ የለንም አለ። ተቀበልኩት። መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ቀዩ መስመር ዙሪያውን አለ፤ መሀሉ ባዶ ነው።

"አሁን ብትጽፊበት የሚከራከርሽ ሰው የለም" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"አባትህ ይከራከሩኛል።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲመለስ ዐይኑ ቀልቷል። "አዎ" አለ። "ይከራከርሽ ነበር።"

"ዘጠኝ ግን ትልቅ ነው" አልኩት። "ያኔ ሳልነግርህ ቀረሁ። እንኳን ደስ ያለህ።"

ቅዳሜ ወረድኩ። ጠረጴዛውን የዘረጋሁት በዚያው ቦታ ነው። ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ ከአጠገቤ የጋሼን ወንበር አስቀምጠውታል፤ ማንም አልተቀመጠበትም። የመጀመሪያውን ተራ ልጃቸው ነው የወረወረው። ያ ሃያ አንድ ጊዜ ምንም ያልሰጠው ሕንዳዊ ትዝ አለኝ፤ ጋሼ ለምን ያዝኑለት እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ። እርሳሴን ይዤ በየሳጥኑ አሰፈርኩ። ስድስቱ አልቀው መስመር ልስብባቸው ስል፣ ተጫዋቾቹ ቆመው ወደ እኔ ሲያዩ አየሁ። ድምፄ ይሰማቸው ነበር ለካ። ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል ብዬ፣ እንደ ልማዴ፣ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ነበር።

"ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ።"